የማሲ ሞተር ሃይሉክስ ላይ ይገባል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአሰላ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የ1988 ሞዴል ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ። ሞተሩ 22 አር፣ ቤንዚን ነው። ከአሰላ አዳማ ድንችና እህል አመላልሳለሁ፤ ስመለስ የሱቅ ዕቃ እጭናለሁ። አሁን በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትሄድልኝ። ቤንዚኑ ጨረሰኝ። አጎቴ ግቢ ሃይድሮሊኩ ተበላሽቶ የቆመ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለ። ሞተሩን አስነስተን አይተነዋል፣ ደህና ነው። ትራክተር ቀኑን ሙሉ አርሶ የሚጠጣው ትንሽ ናፍጣ ነው። ሞተሩን አውጥቼ ሃይሉክሷ ላይ ባስገባው አያዋጣኝም? አንድ መካኒክ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ይገባል። የነዳጅ ወጪህም ይቀንሳል። ግን ለአንተ መንገድና ለአንተ ጭነት አይሆንም። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የአጎቴን ትራክተር አልነካም። የምትፈልገውን ቁጠባ አብዛኛውን እዚያው ሃይሉክሷ ውስጥ ታገኘዋለህ ብዬ አምናለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ለምን አይሆንም እንዳልኩ በደንብ ላስረዳህ። ሐሳብህ የሚናቅ አይደለምና። ብዙ ሰው አስቦታል፣ ብዙ አገር ተሞክሯል፣ አንዳንድ ቦታም በሚገባ ሠርቷል።

ማሲ 135 ላይ ያለው ሞተር ፐርኪንስ ነው፤ ኤዲ 3.152 ይሉታል። 3 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር። በደቂቃ 2250 ዙር ላይ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ያንተ 22 አር ደግሞ 2.4 ሊትር ነው። በይዘት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በጉልበት ግን ያንተው 100 አካባቢ ይደርሳል፤ እሱን የሚሰጠው ወደ 4800 ዙር ሲወጣ ነው። ይህችን ልዩነት ያዝልኝ።

ትራክተር ትንሽ ይጠጣል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ሰውን ያሳስታል። ትራክተርን የምንለካው በሰዓት ነው፤ መኪናን በኪሎ ሜትር። ማሲ 135 ከባድ እርሻ ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል። ያንተዋ ሃይሉክስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ በሊትር 6 ከሆነች፣ በሰዓት 10 ሊትር ጠጣች ማለት ነው። ልዩነቱ አለ። ግን ሰው እንደሚያስበው የሰማይና የምድር አይደለም።

ናፍጣ የሚቆጥበው በምትሃት አይደለም። አንደኛ፣ አየሩን በጣም ያምቀዋል። ያንተ ቤንዚን ሞተር 9 ለ1 ሲያምቅ ፐርኪንሱ ከ16 ለ1 በላይ ያምቃል። በደንብ የታመቀ አየር ውስጥ የተቃጠለ ነዳጅ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተር አየር መግቢያው ላይ የሚዘጋ በር የለውም። ቤንዚን ሞተር ግን ካርቡራቶሩ ሥር ያለችው ቢራቢሮ ግማሽ ተዘግታ ስትሄድ፣ ሞተሩ በቀጭን ቱቦ እንደሚተነፍስ ሰው አየር ለመሳብ ብቻ ጉልበት ይጨርሳል። ቀስ ብለህ ስትነዳ ናፍጣ በጣም የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 12 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል አለው። እነዚህ ሦስቱ ማንኛውም የናፍጣ ሞተር ላይ ያሉ ናቸው። የትራክተር መሆን አያስፈልገውም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። የፐርኪንሱ ጣሪያ 2250 ዙር ነው ብያለሁ። በዚያ ዙር ሃይሉክሷ ስንት ትሄዳለች? ይህን ለማወቅ ጋራዥ አያስፈልግህም፤ ጠመኔና ሜትር ይበቃል። የኋላ ጎማው ላይ መሬት የሚነካው ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። መሬቱም ላይ አድርግ። መኪናዋን ቀስ ብለህ ግፋት፤ የጎማው ምልክት ዞሮ መሬት ሲነካ እንደገና ምልክት አድርግና ለካው። 2.2 ሜትር ገደማ ይመጣልሃል። ቀጥሎ ሁለቱንም የኋላ ጎማ በክሪክ አንሳ። አንድ ሰው ይርዳህና ሁለቱን ጎማ እኩል አንድ ዙር አዙሩ። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። 4 ዙርና ትንሽ ከሆነ ዲፈረንሻልህ 4.1 ነው። ወደ 5 ከተጠጋ 4.875 ሊሆን ይችላል።

4.1 ነው እንበል። 2250ን ለ4.1 አካፍለህ በ2.2 ሜትር ስታባዛው፣ 4ኛ ማርሽ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ጣሪያህ ነው፤ እግርህን ወለል ድረስ ብትረግጥም አትጨምርም። 5ኛ ማርሽ ካለህ 85 ትደርሳለህ። ዲፈረንሻልህ 4.875 ከሆነ ደግሞ በ4ኛ 61፣ በ5ኛ 72 ላይ ያበቃል። ሞተሩ ያን ጊዜ ከፍተኛው ዙር ላይ እየጮኸ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው ደግሞ ዝቅ ሲል ነው፤ እዚያ ጣሪያ ላይ ስትሰቅለው የተነሳህበት ነገር ይጠፋል።

እዚህ ላይ መካኒኩ «ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ላይ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጌ ዙሩን እጨምርልሃለሁ» ሊልህ ይችላል። እባክህ እሺ አትበለው። ያቺ ብሎን በሽቦ የታሰረችው በምክንያት ነው። የዚህ ሞተር ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተው 22 አር 89 ብቻ ነው። 3500 ዙር ላይ የፐርኪንሱ ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ይሮጣል። ለዚያ የተሠራ ፒስተን አይደለም፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቢየላውም ለዚያ አልተሠራም። ቢየላ ተበጥሶ የብሎኩን ጎን ቀዶ ሲወጣ አይቻለሁ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ነው የሚተወው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ዳገቱ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ይህ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የሚያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚህ 45 የተባለው ጉልበት እናንተ ጋ ሲደርስ 35 ገደማ ይሆናል። ፖምፓው ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ደጋ አገር ያረጀ ትራክተር ሲያጨስ የምታየው ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ከዴራ ወደ ኢተያ ስትወጣ አስብ። መኪናዋ ከነጭነቷ 2400 ኪሎ ትሁን። 100 ሜትር በሄድክ ቁጥር 7 ሜትር የምትወጣበት ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 35 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልግሃል። ያለህ በሙሉ ያ ነው። አንዲት ትርፍ የለህም። አይሱዙ ከኋላህ እየነፋ፣ አንተ በ2ኛ ማርሽ፣ የሙቀት መለኪያው እየወጣ። ትራክተር በዝግታ ስለሚሄድ ይህ ጉልበት ይበቃዋል። መንገድ ላይ ያለች ፒካፕ ግን ለመትረፍም ጉልበት የሚያስፈልጋት ጊዜ አለ፤ ተሽከርካሪ ስትቀድም፣ መስቀለኛ መንገድ ስታቋርጥ።

የሥራው ክፍል ደግሞ አለ። ትራክተር ሻሲ እንደሌለው ልብ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? የአጎትህ ግቢ ሄደህ ጎንበስ ብለህ እየው። ከፊት የፊት እግሮቹ ድጋፍ ሞተሩ ላይ ታስሯል። ከኋላ ሞተሩ ካምቢዮው ላይ ታስሯል። ትራክተሩን አንድ አድርጎ የያዘው ሞተሩ ራሱ ነው። ለዚህ ሲባል ወፍራም ብረት ነው፤ ኮፓው፣ የዘይቱ ቋት ማለቴ ነው፣ እንደ መኪና ቆርቆሮ ሳይሆን ድፍን ቀልጦ የተሠራ ነው። የሞተር ሱፖርት የሚታሰርበት ጆሮ መኪና ላይ እንዳለው አይደለም። ሁሉም ነገር ተደምሮ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሃይሉክሷ ላይ ሲገባ ኮፓው ከመሪው ዘንጎችና ከሻሲው መስቀለኛ ብረት ጋር ይጋጫል። ከዚያ መቁረጥ ይጀመራል። ሻሲ መቁረጥ ከተጀመረ ደግሞ የት እንደሚቆም ማንም አያውቅም።

ሞተሩንና ካምቢዮውን የምታገናኘው ፍላንጃ ቶርኖ ቤት ነው የምትወጣው። ስትታይ ቀላል ናት፤ ክብ ብረት፣ ጥቂት ቀዳዳ። ግን የክራንክ ሻፍቱ መሐልና የካምቢዮው ዘንግ መሐል ልክ ፊት ለፊት መሆን አለባቸው። ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዛነፍ መዘዙ ይመጣል። ይህ የአንዲት ወረቀት ውፍረት ነው። በዓይን አይታይም፣ በዳያል ጌጅ ነው የሚለካው። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖው ላይ ታስረዋለህ፣ ጫፉን ካምቢዮው ቤት ውስጠኛ ክብ ላይ ታሳርፋለህ፣ ሞተሩን በእጅህ አንድ ዙር ታዞራለህ፣ መርፌዋ ስትሄድና ስትመለስ ታነባለህ። መካኒክህን «ዳያል ጌጅ አለህ?» ብለህ ጠይቀው። «እኔ በዓይኔ አስተካክላለሁ» ካለህ፣ በጥቂት ወር ውስጥ የፍሪሲዮን ዲስኩ መሐል ይበላል፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታም ማልቀስ ይጀምራል።

ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ትራክተር ላይ ክብደቱ ይውጠዋል። ፒካፕ ላይ መስታወቱ ውስጥ ያለውን መኪና ታርጋ ማንበብ ያቅትሃል። የራዲያተሩ ብየዳ ይለቃል፣ የጭስ ማውጫው ማንጠልጠያ ይበጠሳል፣ ብሎኖች በራሳቸው ይፈታሉ። ፔዳሉም እንደ መኪና አይሆንም። የትራክተር ፖምፓ ዙር ጠባቂ አለው፤ ማረሻው ሲከብድ ራሱ ናፍጣ ጨምሮ ዙሩን ይይዛል። እግርህ የሚያዘው ጉልበቱን ሳይሆን ዙሩን ነው። ትንሽ ስትረግጥ ትዘላለች፣ ስትለቅ ትነቀላለች። ይለመዳል። ግን ለካምቢዮው ደግ አይደለም።

ይህን ሁሉ እንኳ ታግሰህ አለፍከው እንበል። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ነው። ፍሬን።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የቤንዚን ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ይዞ መጣ። ሌላ ጋራዥ ውስጥ የፐርኪንስ 4.203 ተገጥሞላታል፤ ማሲ 65 ላይ የነበረ ሞተር ነው፣ 4 ሲሊንደር። «ፍሬኗ ከብዶኛል፣ ሸራው ይታይልኝ» አለኝ። ተቀምጬ ረገጥኩት። ድንጋይ ነው። ሞተሩ ተነስቶም ያው ድንጋይ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ አለ። ከሰርቮው የሚወጣው ጥቁር ጎማ ቱቦም አለ። ቱቦውን በእጄ ተከትዬ ሄድኩ። ጫፉ ላይ አንድ ብሎን ተሰክቶበት በሽቦ ታስሯል። ሌላ ምንም የለም። ሰውየው በዚያች መኪና ሁለት ወር ጭነት ጭኖ ቁልቁለት ወርዷል። አንድ ጊዜ በ2ኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን እንደቆመ ነገረኝ። ሲነግረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁም አብሮት ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን መኪና ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ነው፤ ቫክዩም እንለዋለን። ያቺ ግማሽ የተዘጋች ቢራቢሮ ናት የምትፈጥረው። ናፍጣ ሞተር ቢራቢሮ ስለሌለው ቫክዩም የለውም። ስለዚህ የናፍጣ መኪናዎች ዲናሞው ጀርባ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ትንሽ የቫክዩም ፓምፕ አላቸው። ትራክተር ግን ሰርቮ ፍሬን ስለሌለው ይህ ፓምፕ የለውም። ማንም ሰው የቤንዚን መኪናህን ወደ ናፍጣ ልቀይርልህ ሲልህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ «ፍሬኑ ቫክዩም ከየት ያገኛል?» መልሱን እየተንተባተበ ከነገረህ ቁልፍህን ይዘህ ውጣ።

የቀረው ጥቃቅን ሥራ ነው፣ ግን ይደመራል። ታንኩ ታጥቦ የመመለሻ ቱቦ ይበየድለታል፤ ከፖምፓና ከኖዝል የተረፈ ናፍጣ ወደ ታንክ መመለስ አለበት። ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ያስፈልጋል። ከባድ ባትሪ፣ ወፍራም ገመድ፣ አዲስ የማጥፊያ ኬብል፣ የፊት ባሌስትራ ወይም ቶርሽን ማስተካከል። ሁለት ሳምንት የተባለው ሁለት ወር ሲሆን አትደነቅ።

ታዲያ የትራክተር ሞተር መኪና ላይ ሠርቶ አያውቅም ወይ? ሠርቷል እንጂ። በጣም የታወቀውን ልንገርህ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከሚንስ ከእርሻ መሣሪያ አምራቹ ኬስ ጋር ሆኖ ቢ የሚባል የሞተር ዘር አወጣ። ለትራክተር፣ ለቆፋሪ ማሽን፣ ለጭነት መኪና የታሰበ ነበር። ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ 5.9 ሊትሩ፣ በ1989 ሞዴል ዶጅ ራም ፒካፕ ላይ ገባ። 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ ያውም 2500 ዙር ላይ። ሰዉ ወደደው፤ ያ ፒካፕ እስከ ዛሬ የሚፈለገው በዚያ ሞተር ነው። ግን እንዴት እንደተሳካ አስተውል። ሞተሩ ቱርቦ ነበረው። መኪናዋ ትልቅና ከባድ ነበረች፣ ክብደቱን የምትሸከም። ካምቢዮው ጠንካራ ተደረገ። ዲፈረንሻሉ አንዳንዶቹ ላይ እስከ 3.07 ዝቅ ተደረገ፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መኪናዋ እንድትሮጥ። መኪናውን በሙሉ ለሞተሩ አመቻቹለት። ሕንድ ውስጥም ማሂንድራ ከትራክተር የመጣ የናፍጣ ሞተር ጂፖቹ ላይ ገጥሞ ብዙ ዓመት ሸጧል፤ እነዚያ ጂፖች ግን ማንም ሰው በፍጥነት እንዲሮጡ አይጠብቅም ነበር።

ፒካፕህ እርሻ ውስጥ ብቻ የምትሠራ፣ ከመጋዘን ማሳ፣ ከማሳ መጋዘን፣ በሰዓት ከ40 የማታልፍ ብትሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር። ወይም ቆላ ላይ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ብትሠራ። ያኔ የማሲ ሞተር ጥሩ አገልጋይ ነው። መለዋወጫው ገጠር ድረስ አለ፣ የሚፈታው ሰው ሞልቷል፣ ኤሌክትሮኒክስ የለበት። አንተ ግን አስፋልት ላይ ነህ፣ ዳገት ላይ ነህ፣ ጭነት ላይ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር አልከኝ። ወንድሜ፣ 22 አር ጭነት ይዞም ቢሆን ጤነኛ ከሆነ 8 አካባቢ መሄድ አለበት። መኪናህ ታማለች። አንተ ደግሞ ሳታክማት ልብ ልትቀይርላት ነው። ሂሳቡን ተመልከት። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በሊትር 6 ሲሆን 2500 ሊትር ይሆናል። በሊትር 8 ሲሆን 1875 ነው። ልዩነቱ 625 ሊትር። የማሲው ሞተር ሁሉ ነገር ተሳክቶ በሊትር 11 ቢያደርስህ 1364 ሊትር ይሆናል። ከ8 ወደ 11 ስትሄድ የምታተርፈው 511 ነው። አየህ? ከግማሽ በላይ የሆነው ቁጠባ የሚገኘው በጥገና ነው፣ ያለ ብየዳ፣ ያለ ቶርኖ።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ንቀል። አራቱንም ጨርቅ ላይ በተርታ አስቀምጥ። ጫፋቸው ቡናማ፣ የገብስ ቆሎ መልክ ያለው ከሆነ ማቃጠሉ ጥሩ ነው። እንደ ከሰል ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ያንተው ጥቁር እንደሚሆን እገምታለሁ። ምክንያቱም ካርቡራቶር ለባሕር ጠለል ተለክቶ የተሠራ ከሆነ አሰላ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ ሳስቷል፣ ቀዳዳው ግን ያው ነው። ካርቡራቶር የሚያውቅ ሰው ፈልግ። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይይ፣ ተንሳፋፊው ልኩ ላይ መሆኑን ይይ፣ ዋናውን ጂግለር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ በአንድ ቁጥር ያሳንሰው። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን «የሚያጸዳ» ካየህ አስቁመው፤ ቀዳዳው ይሰፋና መቼም አትመልሰውም።

ቀጥሎ ተርሞስታቱ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋዋ ቫልቮላ። ይህችን ነገር ደጋግሜ እጽፋለሁ፣ አሁንም እጽፋለሁ። እኛ አገር መኪና ትንሽ ሲሞቅ ተርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። ሞተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዝቅዞ ነው የሚሠራው። በአሰላ ብርድ ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር ሄደህም አይሞቅም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን በደንብ አያተንነውም፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ የፒስተኑ ፋሻ ይበላል። የሙቀት መለኪያህ ሁልጊዜ ታች ከሆነ ተርሞስታት የለህም ማለት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። መልሰው። ከገባ በኋላ ሞተሩ ከሞቀብህ ጥፋቱ ራዲያተሩ ላይ ነው፤ እሱን አሳጥብ።

ካንዴላ ማቃጠያ ሰዓቱን፣ ታይሚንግ የምንለውን፣ ከነቫክዩም ማስተካከያው አስፈትሽ። ደጋ ላይ ትንሽ ወደፊት ቢደረግ ትወዳለች። ቫልቮላውን አስለካ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን አንስተህ በእጅህ አዙራቸው። በነፃ ካልዞሩ ፍሬኑ ይዟቸዋል፤ ቤንዚን እየከፈልክ የፍሬን ሸራ እየጨረስክ ነው። ንፋሳቸውንም ለካ። ስፖንዳው ላይ ያስበየድከው ከፍ ያለ የብረት አጥር ካለ ባዶህን ስትመለስ አውርደው።

ፍጥነትህንም ልናገርህ ይፈቀድልኝ። ለዚያች መኪና ሜዳ ላይ በሰዓት 100 ለመሄድ 34 የፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል። 80 ላይ 22 ይበቃል። በአንድ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ከ100 ወደ 80 መውረድ የሥራውን አንድ አምስተኛ ያህል ያስቀርልሃል። ትራክተሩ ሞተር ይቆጥባል ከሚባልበት ምክንያት አንዱ በግድ በዝግታ ስለሚያስኬድህ ነው። ዝግታውን ያለ ሞተሩም ማግኘት ትችላለህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ አሁንም ናፍጣ ይሻለኛል ካልክ፣ የትራክተር ሳይሆን የራሷን የቶዮታን ናፍጣ ሞተር ፈልግላት። ሃይሉክስ ከፋብሪካ ራሷ በ2 ኤልና በ3 ኤል ወጥታለች፤ 2 ኤል 2.4 ሊትር፣ 3 ኤል 2.8 ሊትር ነው። 3 ኤል ይሻልሃል፣ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሱፖርቱ፣ ኮፓው፣ ራዲያተሩ ሁሉ ለዚያች ሻሲ ተለክቶ የተሠራ ነው። የቫክዩም ፓምፑ ዲናሞው ላይ አለ። እነዚህ ሞተሮች ሚኒባሶቹ ላይም ስላሉ መለዋወጫ በየከተማው አለ። ስትገዛ ግን ሞተሩን ብቻ አትግዛ፤ ከነካምቢዮው፣ ከነፔዳል ኬብሉ፣ ከነዲናሞው ግዛ። ዘይት መሙያውን ክፈትና ሞተሩ እየሠራ የሚወጣውን ጭስ እይ። እንደ ባቡር እየተነፈሰ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ሲገባም የታይሚንግ ቀበቶውን በዚያው ቀን አስቀይር። በሊትር 10 ተኩል ብትሄድ በዓመት 1429 ሊትር ይሆናል። ከማሲው ጋር ያለው ልዩነት 65 ሊትር ነው። ለ65 ሊትር ብለህ ዳገት ላይ አትቆምም።

አንድ ብር ሳትከፍል ደግሞ ሊብሬህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድ። የሞተር ቁጥርህ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሞተር ለመቀየር የምትገዛው ሞተር ሕጋዊ ወረቀት ያስፈልግሃል፤ ምን ምን እንደሚጠይቁህ ከራሳቸው አፍ ስማ፣ ጽፈህ ያዝ። ያለ ወረቀት የተቀየረ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ይይዝሃል፤ ስትሸጥ ደግሞ ገዢ አታገኝም። ኢንሹራንስህንም አሳውቅ።

የአጎትህን ትራክተር በተመለከተ፣ ሞተሩ ደህና ከሆነና የተበላሸው ሃይድሮሊኩ ብቻ ከሆነ ያ ትራክተር አልሞተም። ማሲ 135 ሃይድሮሊክ ፓምፑ የሚገኘው ውስጥ ነው፣ የኋላው ዘይት ውስጥ ተነክሮ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የቆሸሸ ዘይት፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የፓምፑ ቫልቮላ መበላት ነው። ሃይድሮሊኩ ባይሠራ እንኳ ጋሪ ይጎትታል፣ በቀበቶ መውቂያ ያዞራል። መኸር ሲደርስ አሰላ ውስጥ የሚሠራ ትራክተር ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ዘይቱን ቀድታችሁ በጠርሙስ አስቀምጡትና ሲያድር እዩት፤ ውኃ ካለው ታች ይዘቅጣል።

የካንዴላዎቹን ፎቶ ላክልኝ። ተርሞስታቱ ገብቶ፣ ካርቡራቶሩ ተስተካክሎ፣ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልተህ አንድ ጊዜ አዳማ ደርሰህ ተመለስ። እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቧንቧ ላይ እንደገና ሙላና ስንት ሊትር እንደወሰደች ጻፍልኝ። ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ19 ሊትር ካልበለጠች ስለ ሞተር መቀየር ማውራት እናቆማለን፤ ከበለጠች ግን ቀጥሎ የምናየው የሲሊንደሮቹን ግፊት ነው።